«አሠሪያችሁ ማነው?» የቀረጻ ሠራተኞች ማኅበር ስናቋቁም ያየነው

የቀረጻ ሠራተኞች ማኅበር ልታቋቁሙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይህን ስሙኝ። ማኅበሩን ልታስመዘግቡ ቢሮ ስትሄዱ «ለምን በኢንተርፕራይዝ አትደራጁም?» ይሏችኋል። እሺ እንዳትሉ። እኛን አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ብዙ ጊዜያችንን እዚያች ጥያቄ ላይ ፈጀን።

እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ፊልምና ተከታታይ ድራማ ላይ መብራት እተክላለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ። ቀረጻው ብዙ ጊዜ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ በተከራየ ቪላ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ አያት፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሥራ ሲያልቅ ተዋናዮቹን መኪና ይወስዳቸዋል። እኛ ገመዱን ጠቅልለን፣ በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለማይገኝ፣ ሳሎኑ ወለል ላይ የመብራት ሻንጣ ተንተርሰን እናድራለን። ክፍያውስ? «ስፖንሰሩ ሲለቅ።»

ጅማሬው ቀላል ነበር። እቁብ ስለነበረን ሰው መሰብሰብ አልከበደንም። ሜካፕ፣ አልባሳት፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ሁሉም መጣ። ሕጉ ከ10 ያላነሰ አባል ይፈልጋል፣ አሟላን። መሪ መረጥን፣ ቃለ ጉባኤ ፈረምን። መተዳደሪያ ደንቡን ከአንድ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ወስደን ለእኛ እንዲስማማ አስተካከልነው። እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው፦ ሊቀመንበር ስትመርጡ ተናጋሪውን ትታችሁ ተፈላጊውን ምረጡ። የእኛዋ የድምፅ ባለሙያ ናት። ስብሰባ ላይ ብዙም አትናገርም፤ ፕሮዲዩሰሮች ግን እሷን ለማግኘት ወረፋ ይይዛሉ።

ከዚያ ምዝገባ መጣ።

ምዝገባ ቢሮ የተቀበለን ሰውዬ ወረቀታችንን ገለጥ ገለጥ አደረገና «አሠሪያችሁ ማነው?» አለ። ብዙ ናቸው አልነው። «ብዙ ከሆነ የለም ማለት ነዋ» አለና ፋይሉን ገፋ አድርጎ መለሰልን። ከእኛ ጋር የመጡት አንጋፋ የመብራት ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሊያስረዱት ሞከሩ። «ጋሼ፣ የመብራት ሠራተኛ ማኅበር የት አገር ታይቶ ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። እኔ እስካሁን ያቺ ሳቅ ታናድደኛለች። አሜሪካ ውስጥ የመድረክ ሠራተኞች ማኅበር የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ዛሬ የፊልም ሠራተኞችንም ያቀፈው ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 የሥራ ማቆም አድማ ለማድረግ ድምፅ ሲሰጥ፣ ዋነኛ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ የዕረፍት ሰዓት ነበር። የእኛው አገርም ቢሆን ሠራተኛ የመደራጀት መብት እንዳለው የሚደነግገውን 87ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ያጸደቀው በ1955 ዓ.ም. ነው። ሰውዬው ግን ይህን ሁሉ ሊሰማ አልፈለገም።

የጥያቄው መልስ አዋጁ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 114ን ክፈቱ። ከ10 ሠራተኛ በታች ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። እኛ የምናውቃቸው ፕሮዳክሽኖች ደግሞ ቋሚ ሠራተኛቸው ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ሾፌር ነው። የቀረጻ ቀን ግን ግቢው በሰው ይሞላል። አንቀጹ ለእኛ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። አትሙትና ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ብትናገሩት የሚሰማችሁ የለም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰውዬው ለስለስ ብሎ ጠበቀን። ኢንተርፕራይዝ ብትሆኑ ብድር አለ፣ መሥሪያ ቦታ አለ፣ እኔ ራሴ አስጨርስላችኋለሁ አለ። ከእኛ ግማሹ ልቡ ሸፈተ። አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ብድር ሲባል ጆሮው ይቆማል። ነገር ግን አንቀጽ 3ን አንብቡት። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት እየተከፈለው የሚሠራ ሰው አዋጁ አይመለከተውም። ንግድ ፈቃድ ያወጣችሁ ቀን ነጋዴ ናችሁ። ከመሰላል ብትወድቁ ወጪው የራሳችሁ ነው፣ የትርፍ ሰዓት ብሎ ነገርም የለም። የሙያ ማኅበርም ቢሆን ለሥልጠና ጥሩ ነው፤ በዚህ አዋጅ መሠረት ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ሠራተኛው በጋራ ስለ ሥራ ሁኔታው የሚፈራረመውን ውል፣ መደራደር የሚችለው ግን የሠራተኛ ማኅበር ነው።

ይህን ስናልፍ ደግሞ ድንበር መጣ። «ቀረጻችሁ ለገጣፎ ነው፣ ለገጣፎ ሸገር ከተማ ነው፣ ወደዚያ ሂዱ» ተባልን። ሄድን። እዚያ ደግሞ «ሰብሳቢያችሁ የምትኖረው አያት ነው፣ አያት አዲስ አበባ ነው» ብለው መለሱን። መንገዱ እኮ አንድ ነው! በታክሲ ተቀምጠህ የቱ ጋ አንዱ አልቆ ሌላው እንደጀመረ አታውቅም። እኛን የፈታን የኪራይ ውል ነው። አንድ አባላችን የኮንዶሚኒየም ቤቱን አንድ ክፍል ለማኅበሩ አከራየን፣ በእሱ አድራሻ ሄድን። አድራሻ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ዝርዝሩ ነው። ጠቅላላ ማኅበር ሲመዘገብ አባላቱ የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ስም መቅረብ አለበት። አንቀጽ 118 ነው፣ ማምለጫ የለውም። አስገባን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ፕሮዲዩሰር ለሜካፕ ሠራተኛችን ደውሎ «ከሰሽኝ አሉ» አላት። ማንም አልከሰሰውም። ዝርዝሩ እንዴት እጁ እንደገባ የነገረን የለም። ልጅቷን ከዚያ በኋላ አልጠራትም። በማኅበር አባልነት ምክንያት ማግለል በሕግ ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። እኛን ግን የሚያባርረን የለም፣ ስልኩ ነው ዝም የሚለው። ያልተደወለን ስልክ በምን ታስመሰክራለህ?

ሥልጠና ላይ «አስቀድማችሁ አሠሪውን አማክሩ፣ በመግባባት ጀምሩ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የምስክር ወረቀቱ እጃችሁ እስኪገባ አፋችሁን ዝጉ።

ሌላው፣ ማመልከቻችሁን ለምዝገባ ቢሮው ሰውዬ በእጅ አትስጡ። ሕጉ ማመልከቻው በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ውሳኔው በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተገለጸ እንደተመዘገበ ይቆጠራል ይላል። ሰውዬው ታዲያ ወረቀቱን እያየ «ይቺን አስተካክሉና ኑ» እያለ ይመልሰን ነበር። ገቢ ካልሆነ ቀኑ አይቆጠርማ! መፍትሔው ያለው መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ያሉትን እናት «እማማ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ይምቱልን» አልናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ቀን ጻፉ፣ ቁጥር ሰጡ፣ ወይን ጠጁን ማኅተም ግጥም አደረጉበት። አለቀ። ቀኑ ሲያልፍ አንቀጹን ጠቅሰን ሁለተኛ ደብዳቤ በዚያው በር አስገባን። ያኔ ሰውዬው ራሱ ደወለ። «ወንድሜ፣ ምን አጣደፋችሁ?» አለኝ።

የምስክር ወረቀቱ አሁን ያቺ የተከራየናት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የኅብረት ስምምነት የፈረመ ፕሮዳክሽን እስካሁን የለም። አንዱ ግን የጽሑፍ ውል ሰጥቶናል፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ትርፍ ሰዓት ሕጉ እንደሚለው በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፣ ሌሊት ቤት የሚያደርስ መኪናም አለ። ሌላው መኪናውን እሺ ብሎ 1.75ቱን «አልሰማሁም» ብሏል። ሐሙስ ቀጠሮ አለን። በየቀረጻው የገባንበትንና የወጣንበትን ሰዓት ያሰፈርንበትን ደብተር ይዘን እንሄዳለን። ሜካፕ ሠራተኛችንም ትመጣለች።