ሃምም ሆነ ሲቢ፣ መኪና ላይ ከመትከል በፊት ወረቀቱ

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ የሲቢ ሬዲዮ (ማንም ሰው ለአጭር ርቀት የሚነጋገርበት የመገናኛ ሬዲዮ) መመሪያው ላይ «የግል ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል ይገኝበታል። ለአሜሪካ ልክ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ወይም በወረታና በዳንግላ መንገድ ኬላ ላይ መኪና ሲፈተሽ ግን ያ ጽሑፍ ማንንም አያድንም። እዚህ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ፣ በመጨረሻ አንቴና ነው። ብዙ ሰው ገልብጦ ይጀምራል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትና መሸጥን ብቻ ሳይሆን መያዝንና መጠቀምንም በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። ስለዚህ «ተክዬዋለሁ እንጂ አልከፈትኩትም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ፍሪኩዌንሲ የሚመድበውና የሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከውጭ ለማስገባት ያሰበ ሰው ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ በእጁ ይያዝ። ከተያዘ በኋላ ወረቀት ማሯሯጥ አድካሚ ነው፤ ዕቃው መመለሱም አያስተማምንም።

«ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ ነው የያዝኩት» የሚል መልስም አለ። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አደጋ ላይ ያለ ጣቢያ ባገኘው መንገድ ሁሉ እርዳታ እንዲጠራ አይከለክልም። ይህ ግን ስለ ጥሪው ነው የሚናገረው፤ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ጭኖ መዞርን አይፈቅድም።

ሃም፣ ማለትም አማተር ሬዲዮ፣ ለግል ትምህርት፣ ለሙከራና ያለ ጥቅም እርስ በርስ ለመገናኘት የተፈቀደ አገልግሎት ነው። ፈቃዱ ከግል የጥሪ ምልክት ጋር ይመጣል፤ ባለፈቃዱ ሲያወራ ምልክቱን መናገር አለበት፣ ንግግሩንም በምስጢር ኮድ መሸፈን አይችልም። አገራችን ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ የክለቡ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። መማር ለሚፈልግ የመጀመሪያው በር እሱ ነው።

ባሕር ዳር ላይ በብዛት የሚዘነጋው «ያለ ጥቅም» የሚለው ነው። ሁለት ላንድክሩዘር ቱሪስት ጭነው ወደ ጢስ ዓባይ ሲሄዱ፣ የፊተኛው ሹፌር «እንግዶቹ ምሳ ይፈልጋሉ፣ ሆቴሉን ቀድመህ ንገር» ብሎ በሃም ፍሪኩዌንሲ ቢናገር፣ የሃም ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ አጥፍቷል፤ ንግግሩ ሥራ ነውና። አስጎብኚ ድርጅት የሚያስፈልገው በድርጅቱ ስም የሚወጣ የግል የመገናኛ ሬዲዮ ፈቃድና የተመደበለት ፍሪኩዌንሲ ነው። ለጀልባ የተሠራ የማሪን ሬዲዮም ለመኪና አይሆንም፤ እሱ 156 ሜጋኸርዝ አካባቢ የራሱ ቦታ አለው።

የኛ አገር በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ክፍፍል ክልል 1 ውስጥ ነው። በዚህ ክልል የ2 ሜትር የሃም ባንድ (በሞገዱ ርዝመት የሚጠራው፣ ለሃም የተመደበ የፍሪኩዌንሲ ክፍል) ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ የአሜሪካው እስከ 148 ይሄዳል። አሜሪካ የተገዛ ሬዲዮ እዚያ መጥሪያ (ሰዎች መጀመሪያ የሚጠራሩበት ፍሪኩዌንሲ) በሆነው 146.520 ላይ ተሞልቶ ከመጣ እዚህ ከባንዱ ውጭ ነው ማለት ነው፤ የክልላችን መጥሪያ 145.500 ነው። እንደ ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ያሉ ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች ደግሞ ከ136 እስከ 174 ድረስ ያስተላልፋሉ። ከሃም ባንድ ውጭ ያለው የሌላ ሰው፣ አንዳንዱም የጸጥታ አካል ነው። በኮምፒውተር ሶፍትዌር የማስተላለፊያውን ወሰን 144 እና 146 ላይ መዝጋት ግዴታ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ሲቢን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ለጣና ዙሪያ አልመክረውም። ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ ያሉት 40 ቻናሎች፣ የ4 ዋት ኤኤም እና የ12 ዋት ኤስኤስቢ (ሁለቱም የድምፅ አላላክ ዘዴዎች ናቸው) ልክ፣ ለአደጋ ቻናል 9፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ቻናል 19 ማድረጉ ሁሉ የአሜሪካ ሥርዓትና ልማድ ነው። እዚህ ቻናል 9 ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ የለም። ሩብ ሞገድ አንቴናው (ቁመቱ የሞገዱን ርዝመት ሩብ የሚያህለው) ደግሞ 2.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዘጌ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ሲያነሳው ይውላል። አጭሩ አንቴና ይቀላል፤ ግን ጉልበቱን ይበላል። የሆነ ሆኖ ሲቢ ካልሆነ የሚል ሰው ከባለሥልጣኑ በጽሑፍ ሳይፈቀድለት አይትከል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሥራው ጋራዥ ነው። የ50 ዋት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (የ2 ሜትሩን ባንድ የሚይዘው ዓይነት) ሲያስተላልፍ ከ10 እስከ 12 አምፔር ይስባል። ከሲጋራ መለኮሻው መስመር ከተወሰደ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የማይኩ ቁልፍ ሲጫን ሬዲዮው ይጠፋል፣ ሽቦውም ይሞቃል። ፖዘቲቩም ማሳውም (ኔጋቲቩ) በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ፤ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይግባ። ፊውዙ ሬዲዮው አጠገብ ከሆነ፣ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ ሲነካ ምንም አይከላከልም።

ሁለት ባትሪ ያለው መኪና መጀመሪያ በቴስተር ይለካ። 12 ቮልት ከሆነ ችግር የለም። እንደ ብዙዎቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖች 24 ከሆነ ግን ከ24 ወደ 13.8 ቮልት የሚያወርድ፣ ቢያንስ 15 አምፔር የሚችል ኮንቨርተር ይገዛል። ከሁለቱ ባትሪ አንዱን ብቻ መጥለፍ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አንዱ ሳይሞላ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ።

የ2 ሜትር ባንድ ሩብ ሞገድ አንቴና ቁመቱ 49 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ምርጥ ቦታው የጣሪያው መሐል ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ ከታሰረ ብሎኑ ሥር ያለው ቀለም እስከ ብረቱ ይፋቅ፤ ማሳ ካላገኘ የተላከው ጉልበት ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። ይህን የሚመለስ ጉልበት የሚያሳየው ኤስደብሊውአር ሜትር ከ1.5 በታች ካነበበ ጥሩ ነው፤ ከ2 በላይ ከሆነ ማስተላለፍ ይቁም። አንቴና ሳይታሰር ማይክ መጫን የማውጫውን ትራንዚስተር ሊያቃጥለው ይችላል። ክረምት ሲገባ ኮኔክተሩ ውኃ እንዳይጠጣ በሚለጠጥ የጎማ ቴፕ ይጠቅለል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ሬዲዮ ላይ ጩኸቱ ያነሰ ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከተሰማ የዲናሞው ነው፤ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። መብራት ሲበራ ብቻ የሚመጣ ሹሹታ ግን ገበያ ላይ ከሚሸጡት ርካሽ ኤልኢዲ ባሮች ነው።

ርቀቱን አጋኖ መጠበቅ አያስፈልግም። አንቴናቸው 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሁለት መኪኖች ሜዳ ላይ የሚገናኙት 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፎገራ ዋልካ የተያዘ መኪና ወረታ ያለውን ጓደኛውን ሊያገኝ ይችላል፤ ከባሕር ዳር ሐይቁን አሻግሮ ጎርጎራን መጥራት ግን በመኪና ቪኤችኤፍ አይታሰብም። ለዚያ ርቀት ቀን ቀን የ7 ሜጋኸርዝ ሃም ባንድ ይሻላል፤ የመኪና አንቴናው ግን ውድና አስቸጋሪ ነው።

የፈቃዱ ቅጂ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ከሬዲዮው ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑም ይታይ። መኪናው ሲሸጥ ሬዲዮው ከነአንቴናው ይነቀል፤ ፈቃዱ ከሊብሬው ጋር ለገዢው አይተላለፍም።