የዲስክ ፓስወርድ ስቀይር የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ሐዋሳ ያለውን የቢሯችንን ላፕቶፕ የዲስክ ፓስወርድ ቀየርን። ሲስተሙ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው፣ ዲስኩ ደግሞ ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ መመስጠሪያ የተመሰጠረ። በፊት ይሠራበት የነበረው ልጅ ሥራ ለቋል፣ ፓስወርዱን ግን እስካሁን ያውቀዋል።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል? መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?» አለችኝ ሂሳብ ክፍል ያለችው እህታችን። እውነቷን ነው፣ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ነው የዋለው። ግን ፋይሎቹ ጭራሽ አይነኩም። ዳታውን የሚመሰጥረው ዋና ቁልፍ ሌላ ነው፤ የእኛ ፓስወርድ ያ ቁልፍ የተቀመጠበትን ሳጥን ብቻ ነው የሚከፍተው። ሉክስ 2 እስከ 32 ፓስወርድ ይይዛል፣ ስለዚህ ክፍት ቦታ ካለ አዲሱን ጽፎ ሲጨርስ ነው አሮጌውን የሚያጠፋው። የሰከንዶች ሥራ ነው።

እኔ ጠርጣራ ስለሆንኩ አዲሱን ጨመርኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ መክፈቱን በዓይኔ አይቼ አሮጌውን አጠፋሁ። (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ ላይ ፓስወርድ ስትጽፉ ኮከብ እንኳን አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደነግጡ።) «በአማርኛ ፊደል እናድርገው» ብላኝም ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የአማርኛ መጻፊያው ገና ስለማይሠራ በላቲን ፊደል አማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፍን፤ ረጅም፣ የሚያስቅ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የሄደሩን፣ ማለትም ያ የቁልፍ ሳጥን ያለበትን የዲስኩን ክፍል፣ ባካፕ ነው። ፍላሽ ላይ የቀረ የድሮ ኮፒ ካለ ዲስኩን በድሮው ፓስወርድ ዛሬም ይከፍተዋል። የእኛን አጥፍቼ አዲስ ወሰድኩ። ኮፒው ሰው እጅ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ዲስኩን እንደገና ማመስጠር ነው ያለው አማራጭ፤ ሰዓታት የሚበላው እሱ ነው።