በተሳሳተው ሣጥን ውስጥ የገባው አስተያየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን ወደ አማርኛ በሚመልስ አንድ የዳቢንግ ስቱዲዮ ውስጥ በገምጋሚነት እሠራ ነበር። ሥራዬ ለግዢ የታጨውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክቼ፣ «ጠንካራ ጎን» እና «ደካማ ጎን» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ያሉበትን ቅጽ ሞልቼ ለክፍሉ ኃላፊ ማቅረብ ነበር። ይህ ቅጽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳሳተኝ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2012 በጃፓን በተላለፈ፣ ርዕሱ በቀጥታ ሲመለስ «የሰው ልጅ አሽቆልቁሏል» በሚባል ባለ12 ክፍል አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን ፊልም) ምክንያት ነው።

በሮሚዮ ታናካ ልብ ወለዶች ላይ ተመሥርቶ ሴይጂ ኪሺ ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ፣ የሰው ዘር ተመናምኖ፣ ከተሞቹ ፈርሰው፣ የምድር ባለቤትነት ቁመታቸው ከአሥር ሴንቲ ሜትር ብዙም ለማይበልጥ፣ ሁልጊዜ ፈገግ ለሚሉና ለጣፋጭ ነገር ነፍሳቸውን ለሚሰጡ ፍጡራን የተላለፈበትን ዘመን ያሳያል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም የላትም። በሰዎችና በእነዚህ ፍጡራን መካከል የምታስታርቅ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ስትሆን፣ ሥራውን የመረጠችውም አያደክምም ብላ መሆኑን አትደብቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚያውቅ የአገሬ ተመልካች ይህ ብቻውን በቂ መግቢያ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ትርጉሙ ከጅምሩ ፈተና ነበረው። ለእነዚህ ትንንሽ ፍጡራን በአማርኛ የሚመጥን ስም ስንፈልግ፣ ጋኔን፣ ዛር፣ ውቃቤ፣ አድባር እያልን ዞርን፤ ሁሉም ወይ ያስፈራል ወይ ግብር ይጠይቃል። በመጨረሻ «ድንክዬዎቹ» በሚለው ተስማማን። እነሱ ጀግናዋን በአክብሮት «ሰው» ብለው ስለሚጠሯት «እመቤት ሰው» አልናት፤ ጥሩ ሆኖ ነበር።

ጠንካራ ጎኑን ስጽፍ አልተቸገርኩም። ተከታታዩ ክፉውን ነገር በሳቅ ያቀርባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ሰዎች ምግብ አጥተው ሳለ፣ በድንክዬዎቹ ስም የሚጠራውን ፋብሪካ የሚመሩት ጭንቅላት የሌላቸው፣ ላባቸው የተነጨ ዶሮዎች ሆነው እናገኛቸዋለን። በ5ኛውና በ6ኛው ክፍል የምናያቸው፣ የትመጣቸውን የማያስታውሱ ሁለት እንግዶች፣ ከዘመናት በፊት ወደ ሕዋ የተላኩት ፓዮኒርና ቮያጀር የተባሉ መንኮራኩሮች ሆነው ይገኛሉ፤ የላካቸው ሥልጣኔ ግን የለም። በ9ኛው ክፍል ደግሞ ድንክዬዎቹ በአንዲት ደሴት ላይ ጀግናዋን ንግሥት አድርገው፣ ሐውልት በሐውልት ላይ ሲገነቡ የደሴቲቱን ሀብት ያሟጥጡታል። አንድ ክፍለ ጊዜ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የአንድ መንግሥት መነሣትና መውደቅ ያልቃል።

ደካማ ጎን በሚለው ሣጥን ግን በልበ ሙሉነት ሦስት ነገር አሰፈርኩ። አንደኛው፣ 3ኛውና 4ኛው ክፍል የጃፓን የሥዕል ታሪክ (ማንጋ) መጽሔቶችን ገበያ ውጣ ውረድ ለሚያውቅ ብቻ የሚያስቅ መሆኑን ነበር፤ ዛሬም እቆምበታለሁ። ሁለተኛው፣ ጊዜ ደጋግሞ የሚዞርበት የ7ኛውና የ8ኛው ክፍል ታሪክ ተመልካችን ግራ እንደሚያጋባ ነበር፤ እኔም ሁለት ጊዜ አይቼው ነው የገባኝ። ሦስተኛውና ዋናው ግን «የታሪኩ ቅደም ተከተል የተዛባ ነው» የሚለው ነበር። ጀግናዋ ሥራ የጀመረችበትን ታሪክ የምናገኘው በ10ኛው ክፍል ሲሆን፣ የተማሪነት ዘመኗ የሚመጣው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ነው። እኔም «በጊዜ ቅደም ተከተል ተስተካክሎ ቢቀርብ» የሚል ምክር አከልኩበት። ባለመብቶቹ ይህን ይፈቅዱ እንደሆነ እንኳ አላነሳሁም።

ኃላፊያችን ሐሳቡን ወደዱት፤ ለውስጥ ሙከራ አምስት ክፍሎች በእኔ አሰላለፍ፣ ማለትም 11፣ 12፣ 10፣ ከዚያ 1 እና 2 ሆነው እንዲቀረጹ አዘዙ። ስህተቱን ቀድማ የያዘችው የጀግናዋን ድምፅ የምትሠራው ባልደረባችን ነበረች። በአራተኛው ቀን ከመቅረጫው ክፍል ወጥታ፣ «ወንድሜ፣ ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን፣ ሲያሾፉባት፣ አልቅሼ ነው ያነበብኳት። ዛሬ ሰዎች ተርበው እሷ በሆዷ ስትሳለቅ በየትኛው ድምፅ ልበላት?» አለችኝ። ድምፅሽን ትንሽ አቅልዪው የሚል የማይረባ መልስ ሰጠኋት።

የሙከራ እይታው ቀን መልሴ ምን ያህል የማይረባ እንደነበር ታየ። በ1ኛው ክፍል፣ ዳቦ ሆኖ የተሠራ ሮቦት ራሱን በገዛ እጁ ቀዶ ቀይ የካሮት ፈሳሽ እንደ ደም የሚረጭበት ትዕይንት አለ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ከወንበሬ እስክወድቅ ስቄ ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ተመልካቹ ከአንዲት ብቸኛ ልጅ ጋር ሦስት ክፍል አዝኖ ስለመጣ፣ ደሙን ደም አድርጎ ተቀበለው። የጀግናዋም ምፀት የተጎዳ ሰው ጭካኔ መስሎ ተሰማ።

ያኔ ነው አዘጋጁ የሠራው ነገር የገባኝ። በእሱ አሰላለፍ በመጀመሪያ የምናውቃት አፏ ማር፣ ሆዷ ኮሶ የሆነች፣ ድካም የማትወድ ሠራተኛ ናት፤ ዳቦው ራሱን ሲቀድም ይህ ዓለም በምን ዓይን መታየት እንዳለበት ገና በመጀመሪያው ቀን ተነግሮናል። አሥር ክፍል ሙሉ ከሳቅን በኋላ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ያ ምፀት ከየት እንደመጣ ያሳዩናል፤ የሳቅንባቸውን ነገሮች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰን እንድናይ ያደርገናል። ኀዘኑ መጨረሻ የተቀመጠው ቀልዱ በእግሩ እንዲቆም ነው። እኔ መጋረጃውን ቀድሜ ገለጥኩትና የሚገለጥ ነገር አሳጣሁት።

ለባልደረባዬ ይቅርታ ጠይቄ፣ ቅጹን እንደገና ሞላሁት። ቅደም ተከተሉን የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳልለውጥ፣ «የታሪኩ ቅደም ተከተል የተዛባ ነው» እንዳለ፣ ጠንካራ ጎን ወደሚለው ሣጥን አዛወርኩት። በማግስቱ ኃላፊያችን ቅጹን መልሰው ላኩልኝ፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ይህ በስህተት ከዚህ ሣጥን የገባ ይመስለኛል፣ ይታረም» ብለው ጽፈውበት ነበር። ከሥሩ «ቦታው እዚህ ነው» ብዬ ጽፌ መለስኩላቸው።