አጥንት ሰባሪው አሞራ ላስታ ላይ

ላሊበላ የሄድኩት ለአሞራ ነው ብል ማን ያምነኛል? እናቴ እንኳ አላመነችም። "ተሳልመህ፣ ጠበል ይዘህልኝ ና" ብላ ነው የሸኘችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ግን ከጓደኛዬ የተዋስኩት ባይኖኩላር ነው። አንድ ዓይኑ አይሠራም።

ነገሩ የጀመረው ስለ አልፕስ ተራሮች ሳነብ ነው። የአውሮፓ እረኞች ጢማሙን አሞራ ግልገል ሌባ ይሉት ነበር። ሕፃን ይነጥቃል ተብሎም ተወርቶበታል። ለገደለው ሰው ገንዘብ ይከፈል ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1913 የመጨረሻው ጣሊያን ውስጥ ተገደለና አልፕስ ባዶ ቀረ። ምስኪኑ ግን ቀለቡ በአብዛኛው አጥንት ነው። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ ነው የሚመጣው።

ይሄን ሳነብ "ቆይ፣ ይሄ አሞራ ላስታ ላይ አለ አይደል እንዴ?" አልኩ። ፋሲካ እንዳለፈ ተነሳሁ።

ከወልዲያ በሚኒባስ ወጣን። ጋሸና ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስለቀረው መንገድ ብዙ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ዲያቆን ይዞኝ ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። በቅሎ ልከራይ ስል "ወንድሜ፣ በእግር ነው የሚያምረው" አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በልቤ ረገምኩት። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ዳገቱ ማለቂያ የለውም።

ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ትንፋሼን ስሰበስብ ዲያቆኑ ክንዴን ያዘኝ። "ያውልህ!"

አሞራው ከእኛ በታች ነበር። አሞራን ከላይ ወደ ታች ማየት ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነገር ነው። ክንፉ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ አያራግበውም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ደረቱ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ነው። ቀለሙ አብሮት የተፈጠረ አይደለም። ብረት ባለው ቀይ ጭቃ ውስጥ ሆን ብሎ ይታጠባል። ፊቱ ላይ ጥቁር ጢሙ ተንጠልጥሏል።

በእግሩ አጥንት ይዟል። ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ለቀቀው። ኳ! አልተሰበረም። ዞሮ ወርዶ አነሳው። እንደገና ለቀቀው፣ አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ተፈረከሰ። ወረደና ስብርባሪውን እንዳለ ዋጠው። ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ አጥንት ያሟሟል። እኔ በክትፎ ነው የምታመመው።

ገዳሙ ደጃፍ ላይ ላገኘኋቸው አባት ያየሁትን ነገርኳቸው። ሳቁ። "እሱማ በሁዳዴ ከኛ ጋር ይጾማል፣ ልጄ። ማን አርዶለት? ፋሲካን እንደኛው ነው የሚጠብቃት።"

ስንወርድ ለዲያቆኑ አሞራው እንዴት ወደ አልፕስ እንደተመለሰ አጫወትኩት። አሞራው ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ግን ታላቁ ጫጩት ታናሹን ይገድለዋል። ስለዚህ በእንክብካቤ በተያዙት ዘንድ ሰዎች ታናሹን ያወጡና ለሌላ አሳዳጊ አሞራ ይሰጡታል። ሦስት ወር ሲሆነው፣ መብረር ሳይጀምር፣ ገደል ውስጥ ያስቀምጡታል። አገሬ ይሄ ነው እንዲል። ከሩቅ ለመለየት ጥቂት ላባውን ቀለም ያነጡለታል። የመጀመሪያዎቹ የተለቀቁት እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ኦስትሪያ ውስጥ ነው። ዱር ውስጥ ተፈልፍሎ ለመብረር የበቃ ጫጩት የተገኘው ግን በ1997 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። 11 ዓመት! አሞራው ለአቅመ መውለድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ አይቸኩልም። ዛሬ አልፕስ ላይ ከ300 በላይ ናቸው።

"ለአሞራ ይሄን ሁሉ?" አለ ዲያቆኑ። ትንሽ አሰበና "እኛ እኮ አጥንት ብቻ ነው የምንጥልለት" አለ።

ቀጥሎ የነገረኝ ግን አላስደሰተኝም። አንዳንዴ ጅብ አስቸገረ ተብሎ ጥንብ ላይ መርዝ ይደረጋል። ጅቡ ቢቀር አሞራው አይቀርም። በዓመት አንድ ጫጩት የሚያሳድግ ወፍ ሁለት ሦስቱ በአንድ ቀን ከሞቱበት በምን ይተካዋል? ዲያቆኑም መልስ አልነበረውም። ዝም ብለን ወረድን። ታች ስንደርስ ጭንቅላቱ የጠቆረ አንድ ሌላ አሞራ በላያችን አለፈ። ጥቁር ራስ ያለው ገና ያልጎረመሰው ነው። ቀኔን ያዳነልኝ እሱ ነው።

ማታ ያረፍኩበት ቤት ጥብስ በላሁ። ወጥ ቤቷን እናት "እትዬ፣ አጥንቱን የት ነው የምትጥሉት?" አልኳቸው። በሩን ከፈቱና ከጓሮ ያለውን ገደል በእጃቸው አሳዩኝ።

"እዚያ ነዋ። ጠዋት ይመጣል።"

"ውሻውስ?"

"ውሻው የራሱን ወስዷል" አሉኝና ሳህኔን አነሱ።