2፣ 4፣ 6

ዛሬ በምሳ ሰዓት እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመውን ፈተና ለባልደረቦቼ አቀረብኩላቸው። «2፣ 4፣ 6 አንድ ደንብ ይከተላሉ፤ ሌሎች ሦስት ሦስት ቁጥሮችን እየጠራችሁ ድረሱበት፤ ደንቡን ይከተሉ አይከተሉ እኔ እነግራችኋለሁ።»

አንዱ «8፣ 10፣ 12» አለ። ልክ ነው። «20፣ 22፣ 24።» ልክ ነው። «በሁለት በሁለት መጨመር ነው!» ብሎ ደረቱን ነፋ። አይደለም። ተቆጣ እንጂ መንገዱን አልለወጠም፤ «100፣ 102፣ 104» ብሎ ቀጠለ። (ሽሮው ቀዘቀዘ።)

ገንዘብ ያዣችን ዝም ብላ ቆይታ «5፣ 3፣ 1 ብልስ?» አለች። አይሆንም። «1፣ 2፣ 50?» ይሆናል። ለካ ደንቡ ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄድ ብቻ ነው!

ሌሎቹ የሚጠይቁት «አዎ» ለመባል ነበር፤ እሷ ግን ግምቷን ሊያፈርስባት የሚችለውን ቁጥር መርጣ ጠየቀች። ሒሳብ ስለምታውቅ ነው አሉ። አይመስለኝም። ደረሰኝ ስትመረምርም እንዲሁ ናት፤ የማይገጥመውን ነው አስቀድማ የምትፈልገው።