ፖስተኛው የሚያውቀው አባቴን ነው

ሽቱትጋርት የገባሁ ሰሞን ደብዳቤ አይደርሰኝም ነበር። ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ግዴታው ነው ስለተባልኩ አከራዬ የፈረመልኝን ወረቀት ይዤ ሄጄ ተመዘገብኩ። የግብር መለያ ቁጥሬ በፖስታ ይመጣል አሉኝ። የባንክ ካርዱም በፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ደግሞ ለብቻው በሌላ ፖስታ። ጠዋት ማታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ ከፒዛ ማስታወቂያ በቀር ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ጎረቤት መጠየቅ ከብዶኝ ነው፤ ገና ከመምጣቱ አስቸገረን እንዳይሉኝ። በመጨረሻ ታች ቤት የሚኖሩትን ሴትዮ ደረጃው ላይ አግኝቼ በተሰባበረ ጀርመንኛ አዋየኋቸው። ሳጥኑን በጣታቸው አሳዩኝ። የቀድሞው ተከራይ ስም እንደተለጠፈ ነው! እዚህ አገር ሕንፃው ቁጥር ይኑረው እንጂ ብዙ ጊዜ የየቤቱ በር ቁጥር የለውም። ፖስተኛው የሚፈልገው ስም ነው፤ ስም ካጣ ደብዳቤውን ወደ ላከው ይመልሰዋል።

የዚያኑ ዕለት ስሜን በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። አሁንም ወፍ የለም። ለካ የለጠፍኩት የራሴን ስም ብቻ ኖሯል፤ ደብዳቤ የሚጻፍልኝ ግን በአባቴ ስም ነው። በእኔ መዝገብ የቤተሰብ ስም ተብሎ የገባው የአባቴ ስም ነበር፤ የአያታቸው የገባባቸውም አሉ። ወረቀታችሁ ላይ ያለውን አይታችሁ ያንኑ ለጥፉ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ የሁለታችሁንም፤ እኛ ሚስት የባሏን ስም ስለማትወስድ ፖስተኛው በምን ያውቃል? ሐኪም ቤት ተቀምጬ “ሄር” (አቶ) ብለው የአባቴን ስም ሲጠሩ እንኳ ማንን ነው ብዬ ዞር ዞር ብያለሁ።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ በመጀመሪያ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ነበር፤ በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። የሚከፈለው ግን በሰው ሳይሆን በቤት ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር የምትኖሩ ከሆነ አንዳችሁ ከከፈላችሁ ይበቃል። ይህን ሳላውቅ ከቤት ተጋሪዬ ጋር ሁለታችንም ለመክፈል ተዘጋጅተን ነበር።

እሑድ ሱቅ እንደሚዘጋ፣ ከምሽቱ 22 ሰዓት በኋላ ድምፅ መቀነስ እንዳለበት ማንም ይነግራችኋል። የደረጃውን ጉዳይ ግን ማንም አልነገረኝም። አንድ ቀን የበሬ እጀታ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ፊት ለፊት ያለው በር ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ ተመልሶ እኔ በር ላይ ነው። ደግሜ ሰቀልኩት፤ ደግሞ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ከማስታወሻ ጋር መጣ፤ ማስታወሻውን ይዤ ታች ቤት ወረድኩ። ሴትዮዋ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። “ኬርቮኸ” ይባላል፤ ሽቱትጋርት ያለችበት የሽቫብ አገር ልማድ ነው። ሰሌዳው በሩ ላይ የተሰቀለበት ሰው የዚያን ሳምንት ደረጃውን ጠርጎና ወልውሎ ሰሌዳውን ለባለተራው ያሳልፋል። እኔ ለካ ሳልጠርግ ሥራዬን ለጎረቤት ሳሸክም ነው የከረምኩት።

በዚያው ቡና ጋበዙኝ። “ሃልብ ፊር” ና አሉኝ። ቃል በቃል “ግማሽ አራት” ነው፤ ጆሮዬ አራት ተኩል አደረገው። ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ስገለብጥም ያንኑ የተሳሳተ ተኩል ይዤ ነው የገለበጥኩት። 16:30 ላይ ደወልኩ። ሃልብ ፊር ማለት ሦስት ተኩል ነው፤ አራት ሊሞላ ግማሽ የቀረው። እሳቸው ጠረጴዛውን አንስተው ጨርሰዋል። አልተቆጡም፤ “አንድ ሰዓት ዘግይተሃል” አሉኝ በቀጥታ፣ ከዚያ ኬኩን መልሰው አወጡ። አሁን ቀጠሮ ስይዝ በአኃዝ አጽፋለሁ፤ 15:30 አያሳስትም።

ኬኩ ሲቀርብልኝ እንደ ወጉ “አይ፣ ይቅርብኝ” አልኩ። ሁለተኛ ሦስተኛ እስኪለምኑኝ ነው። እሺ ብለው ሳህኑን አነሱት፤ አለቀ። ሆዴ ይጮኻል፣ ኬኩ ማዶ ነው። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን አይ ያልኩትን አይ ብለው መቀበላቸው እንደ ማክበር ይታየኝ ጀመር። ያን ሁሉ ሳምንት ሳልጠይቅ የቆየሁትም እሳቸው ሊያስቡት የማይችሉትን ነገር ፈርቼ ነው። ሁለተኛ ስጋበዝ ገና ሳህኑ ሳይቀመጥ “እሺ” አልኩ።

“ዚ” እና “ዱ” አልከበዱኝም፤ እርስዎና አንተ ናቸው። ልዩነቱ እነሱ የሚመዝኑት በዕድሜ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የማታውቁት ጎልማሳ ሁሉ፣ ገንዘብ ተቀባይ የሆነችው የሃያ ዓመት ልጅም ጭምር፣ “ዚ” ትባላለች። ወደ “ዱ” እንሻገር የሚለው ታላቅየው ነው። በዓመቱ ሴትዮዋ ራሳቸው ደረጃው ላይ ሰሌዳውን ሲያቀብሉኝ “ከእንግዲህ ዱ በለኝ” አሉኝ። አፌ ለመደ፤ ይህን ስጽፍ ግን እንደምታዩት አሁንም እሳቸው ናቸው።