ጣሪያው ላይ ያልተገናኙት ሁለት ባለሙያዎች

ነሐሴ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ፒያሳ አካባቢ ባለው የዲጂታል ክህሎት ማሠልጠኛችን 20 የሚሆኑ ሠልጣኞች ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ በትንንሽ ንግድ የሚተዳደሩ እናቶች ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአሠልጣኙ ድምፅ ተዋጠ። ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔቱ ጠፋ። የመሣሪያ ክፍሉን በር ስከፍት ከኮርኒሱ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ኮምፒውተሮቹን ከኢንተርኔቱ ጋር በሚያገናኘው ስዊች ላይ በቀጥታ ያርፋል። ቆጣሪውን አጥፍቼ ባልዲ ደቀንኩ። ስዊቹ ግን አልተረፈም።

መጀመሪያ የተናደድኩት በቆርቆሮው ነው። ጣሪያውን ከቀየርነው ገና ሁለተኛ ክረምቱ ነው። መርካቶ ወርጄ፣ በእጄ ዳስሼ ያስገዛሁት ውፍረቱ ጌጅ 28 የሆነ አሉዚንክ ቆርቆሮ ነበር። የአሉዚንክ ልባስ በክብደቱ 55 በመቶ አሉሚኒየም ነው፤ የቀረው ከጥቂት ሲሊከን በቀር ዚንክ ነው። አሉሚኒየሙ ብረቱን ይሸፍናል፤ ዚንኩ ደግሞ ቆርቆሮው በተጫረበት ቦታ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ያድነዋል። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በሁለት ክረምት አይበላም። ሌላ ነገር ሸጠውልኛል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ።

በማግስቱ ጣሪያውን የሠሩልንን ሽማግሌ ጠራኋቸው። መሰላሉን አስደግፌላቸው ተከትያቸው ወጣሁ። ከቆርቆሮው በፊት ዓይናቸው የገባው ሽቦ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኢንተርኔት አንቴናው ነው ጋሼ። መብረቅ ወደ መሬት የሚያወርድ።»

ሽቦውን በሁለት ጣታቸው አነሱት። ሽፋን የሌለው መዳብ ነው፤ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ እስከ ጠርዙ ይሄዳል። ከሥሩ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱን በጥፍራቸው ሲፍቁት መሐሉ ላይ ቀጭን ቀይ የዝገት መስመር ወጣ።

«መዳብና ዚንክ ውሃ ካገናኛቸው አብረው አያድሩም፤ ዚንኩ ይበላል። ከመዳቡ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻውን ይበቃዋል ልጄ።»

ከዚያ ወደ አንቴናው እግር ሄዱ። አራቱም ብሎኖች የገቡት ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ በኩል ነው። ዝናቡ የገባው በዚያ ነበር። «ቆርቆሮ ከጉብታው ይበሳል እንጂ ውሃ ከሚሄድበት ይበሳል እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ነበር። ዙሪያውን ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ይመስል ቀያይ ነጠብጣብ ሞልቶታል። አንቴናውን ያቆሙት ልጆች ብረቱን እዚያው ጣሪያው ላይ በግራይንደር ቆርጠውት ነበር። የጋለው ብናኝ ልባሱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ዝናብ ሲያገኘው ዝጓል።

ማሠልጠኛው የሦስት ወገኖች አጋርነት ነው። አንዱ ቤቱን፣ አንዱ ኮምፒውተሮቹን፣ አንዱ ኢንተርኔቱን አመጣ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ሥራው ማንም ብቻውን የሚወጣው አይደለምና፣ በአጋርነት መሠራቱን ዛሬም ከልቤ አምንበታለሁ። ያን ቀን ማታ ግን ስምምነታችንን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የኢንተርኔቱ ፍጥነት አለ፣ የኮምፒውተሩ ብዛት አለ፣ በየዙሩ ስንት ሰው እንደሚሠለጥን አለ። «ጣሪያ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

የአንቴናው ልጆች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ያቆሙት መስመር እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይቆራረጥ ሠርቷል። ሽማግሌውም ቆርቆሮን ያውቃሉ። ሁለቱ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም፤ እነሱን የማገናኘት ሥራ የእኔ ነበር። ልጆቹ ሲመጡ ቁልፍና መሰላል ሰጥቼ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። አብሬያቸው አልወጣሁም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስዊቹ እስኪተካ፣ የተበላው ቆርቆሮም ተነሥቶ በአዲስ እስኪለበስ ድረስ ሥልጠናው 9 ቀን ቆመ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት በየቀኑ ይመጡ ነበር። ሒሳባቸውን ኮምፒውተር ላይ መያዝ ገና መጀመራቸው ነው። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዛሬስ ተከፈተ?» ሲሉኝ ዓይናቸውን ማየት ይከብደኝ ነበር።

ከተነሣው ቆርቆሮ ላይ የክንድ ያህል አስቆርጬ ቢሮዬ አስቀመጥኩ። በጥቅምት ልደታ አካባቢ ለሚከፈተው ሁለተኛ ማሠልጠኛ የሦስቱም ወገን ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የኢንተርኔቱ ወገን መሐንዲስ ነጩን መስመር በአውራ ጣቷ እያሻሸች ብዙ ቆየች። «ሽፋን ያለው ሽቦ እናደርጋለን፤ ጣሪያውንም ሳይነካ በግድግዳው እናወርደዋለን» አለች። ብረቱ ምድር ላይ ተቆርጦ እንዲወጣ፣ ቀዳዳ ሁሉ ከጉብታው እንዲሆን፣ ብናኙ በዚያው ቀን እንዲጠረግ ተስማማን፤ በአንድ ገጽ ጽፈን ሦስቱም ወገን ፈረሙበት።

አንቴናው በቆመበት ቀን ሽማግሌውን ይዤ አብሬ ወጣሁ። ሲጨርሱ ከልጆቹ አንዱ መጥረጊያ ይዞ ከላይ ወደ ታች መጥረግ ጀመረ። «ከብሎኑ ሥር አትርሳ፣ የኔ ልጅ» አሉት ሽማግሌው፤ ጎንበስ ብለው አሳዩት።